ከጨው ቤት የወጣ ቃል

የታሰርሁበት ቤት ግድግዳው ቀርከሃ፣ ወለሉ ነጭ ነበር። ኖራ መስሎኝ ነበር፤ ገፍትረው ሲያስቀምጡኝ መዳፌ ረጠበ፣ ብቀምሰው ጨው ሆነ። ቤቱ ቀድሞ የነጋዴዎች አሞሌ ይከማችበት የነበረ ነው። ሰንሰለት የላጠው የግራ እጄ አንጓ ያንን ወለል በነካ ቁጥር እስከ ክርኔ ያቃጥለኝ ነበር።

ጊዜው አሶሳ ለመሐል አገሩ መንግሥት የወርቅ ግብር መክፈል ከጀመረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ የጀበርቲ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ግብፅ ወርጄ ከፍተኛ ትምህርት ተምሬ ስመለስ፣ ግብሩን የሚሰበስበው ምስለኔ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ሲነጋገር በዐረብኛና በአማርኛ መካከል አስተርጓሚው ሆንሁ።

ወንጀሌ አንድ ቃል ነበር። ምስለኔው ወርቁ ስለ ምን እንደ ጎደለ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ ከሱዳን ወገን የሚመጡት የነጋዴ ቅፍለቶች እንደ ቀሩ፣ የአገሩም ነጋዴ እንደ ራቀ ተናግረው፣ “ሱቁ ኸራብ ሆኗል” አሉ። እኔም “ገበያው ፈርሷል” ብዬ ተረጐምሁ።

“ተቀዛቅዟል በል” አለኝ ምስለኔው።

“ጌታዬ፣ የተቀዛቀዘ ገበያ ገዢ ያንሰዋል። የተዳከመ ገበያ ሻጭም ያንሰዋል። እነሱ የነገሩኝ ሁለቱም የሌሉበትን ነው።”

“ግብፅ ድረስ የወረድኸው ቃል ልትመዝን ኖሯል! እሰሩት፣ እዚያው ሆኖ ይመዝን።”

በሁለቱ ቃላት መካከል የነበረው ርቀት የሰው ሕይወት የሚያህል ነበር። ገበያው ከተቀዛቀዘ ግብሩ እንዳለ ይጸናል፤ ወርቁ ያልሞላለት ቤትም በምትኩ ልጁን ለባርነት ያስረክባል። ከፈረሰ ግን ከመሐል አገር በመምጣት ላይ የነበረው ሹም ግብሩን የመቀነስ ሥልጣን ነበረው።

ቁራኛዬ፣ ማለት ቀኝ እጁ ከግራ እጄ ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረው ሰው፣ የበርታ ነጋዴ ነበር። አህዮቹን እየነዳ ወደ ሱዳን ሲያፈገፍግ ነው የተያዘው። የመጀመሪያውን ቀን ባዶውን ቤት አሻግሮ አየና ሳቀ።

“ወላሂ ኡስታዝ፣ ሱቅ ጥሩ ቢሆን እኛ የት ይታሰራል? ጨው ቦታ አይሰጥም።”

ሳቁ አልቆየም። ሹሙ በሚደርስበት ቀን ማለዳ ምስለኔው በራፉ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። “ዛሬ ሹሙ ራሱ ይጠይቅሃል። ‘ተቀዛቅዟል’ ካልህ ሁለታችሁም ከምሳ በፊት ቤታችሁ ናችሁ” ብሎ ሄደ።

“ኡስታዝ፣” አለ ቁራኛዬ፣ “ሚስቴ ሊወልድ ነው። አንድ ቃል ነው። በላት።”

ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ሁለቱንም ቃላት ደጋግሜ ለመድሁ፤ ሁለቱም አፌ ላይ እኩል ይቀልሉ ነበር፤ ያስፈራኝም ይኸው ነበር። ቁራኛዬ ሲተነፍስ ሰንሰለቱ ይንኳኳ ነበር።

በቀርከሃ ዳስ ሥር ከሹሙ ፊት አስቀመጡን። ሽማግሌዎቹ በጎን ተደርድረዋል። ሹሙ ዕድሜው የገፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር።

“አስተርጓሚው አንተ ነህ? ቃል የሚሰጥ ሰው ይቆማል። ቁምና ገበያው እንዴት እንደ ሆነ ንገረኝ።”

ለመቆም ሞከርሁ። ሰንሰለቱ አጭር ነበርና ቁራኛዬ ካልተነሣ መቆም አልችልም። እሱ መሬት መሬት እያየ ተቀምጦ ቀረ። እጄ ተጎትቶ ጎንበስ እንዳልሁ ቆየሁ። ምስለኔው “ተቀምጦ ይናገር፣ ጌታዬ” አለ፤ ሹሙ ግን በእጁ ከለከለው።

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳል ያዘው። ቁራኛዬ ቀና አለ። “አጎቴ ነው” አለኝ በሹክሹክታ። “ሁለት ሴት ልጅ አለው። ወርቅ የለውም።” ሽማግሌው ዐይኑን ከእኛ ላይ አንሥቶ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ሰንሰለቱ ላላ።

“ተነሣ ኡስታዝ” አለ ቁራኛዬ፤ ከእኔም ቀድሞ ቆመ።

“ፈርሷል” አልሁ።

“በምን ታውቃለህ?” አለ ሹሙ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ቁራኛዬ መለሰ፦ “ጌታዬ፣ እኛ የሚተኛበት ቤት በፊት ጨው ሞልታ ነበር። አሁን እኛ አለ።”

ከሽማግሌዎቹ መካከል አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ምስለኔው አልሳቀም።

ምስለኔው ቂም ይዞ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አልፈታንም። የቁራኛዬ ልጅ የተወለደው እኛ ጨው ላይ ሳለን ነው፤ በዚህ ግን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ያን ዓመት ከእነዚያ ሽማግሌዎች ቀዬ ልጅ አልተወሰደም። በእኔ ቃል ምክንያት ነው ብዬ ግን አልምልም፤ ሹሙ ያሰበውን አልነገረኝም።

ዛሬ ጽሕፈት ቤት የሚውሉ ወጣቶች ወደ እኔ እየመጡ “‘የገበያ ድቀት’ ለሚለው ለስለስ ያለ ምትክ ይፈልጉልን” ይሉኛል። ቃላቱ አሉ፤ መቀዛቀዝ አለ፣ ማሽቆልቆል አለ። ከመስጠቴ በፊት ግን የገበያው ማከማቻ ውስጥ ምን እንዳለ እጠይቃቸዋለሁ። ሄደው ሳያዩ የመጡትን መልሼ እልካቸዋለሁ።

ሊሰናበቱኝ ሲነሡ እኔም እነሣለሁ። ግራ እጄ ግን እስከ አሁን ለአፍታ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ ሰው እንዲነሣ ይጠብቃል።