ፉል ኢንሹራንስ አላት የተባለችው መኪናና የእማዬ ዓይን

መሪ ጨብጬ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም...

የማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ነው። እኔ ያኔ የምኖረው ካምፓላ ነበር። እማዬ ደግሞ ተፍኪ። ዓይኗን ሞራ ጋርዷት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ሲሆን፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ላስታምማት መጣሁ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ሐኪሙ ግን እስከ በር ሸኝቶን «አቧራና ጭስ አደራ! ይሄ ዓይን አሁን ቁስል ነው» አለኝ። እንግዲህ በዚህ ዓይን ሚኒባስ ውስጥ ታጭቃ ልትሄድ ነው? መኪና ተከራየሁላት፤ ያለ ሹፌር፣ ራሴ ልነዳ።

አከራዩ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው። «ኢንሹራንሱስ?» ስለው «ፉል ነው እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አለኝ። ፓስፖርቴን በመያዣ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። በማግስቱ በረራ አለኝ። መኪናዋን ስመልስ እወስደዋለሁ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

መንገዱ ክፍት ነው ብለውን ነበር። ዓለም ገናን እስክናልፍ ጭንቀቴ በቀኝ መንዳት ብቻ ነው፤ ካምፓላ የሚነዳው በግራ ነው። ሰበታ ስንገባ ግን... ሱቁ ሁሉ ዝግ። አንድ ባጃጅ እንኳ የለም። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ወዲያ ማዶ ጎማ ይነድዳል። ልዙር ስል ከኋላዬ አይሱዙ ተገትሯል።

ወጣቶች ከበቡን። አንዱ መስኮቱን መታ መታ አድርጎ «ኤሳ ዱፍተን?» አለ። ከየት ነው የምትመጡት ማለቱ ነው። እማዬ በታሸገው ዓይኗ ወደ ድምፁ ዞራ በኦሮምኛ መለሰችለት... ከሐኪም ቤት ነው፣ ቤቴ ተፍኪ ነው፣ ልጄ ናት።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን አየ። ድምፁ ለስለስ አለ። «አዴ፣ እናቴ፣ ዛሬ ማለፍ አይቻልም። መኪናዋን ጥግ አስይዙና ሰው ቤት ግቡ» ብሎን ሄደ።

ጥግ አስያዝኩ። ግን አልወረድኩም። አከራዩ ጋ ደወልኩ።

«ሰበታ ላይ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው። መኪናዋን ትቼ ብገባ ኢንሹራንሱ...»

«ሰበታ? ከአዲስ አበባ ውጪ እኮ አይሠራም!»

«ፉል ነው አላልከኝም?»

«ፉል ነው፤ ከተማ ውስጥ። የግርግር ጉዳት ደግሞ የትም ቢሆን አይሸፍንም። የሆነ ነገር ብትሆን ባንቺ ነው እህቴ። ጋራዥ የምትቆምበትም ቀን እንደ ኪራይ ይታሰባል።»

«ፓስፖርቴስ?»

«መኪናዋ በሰላም ስትመጣ።»

ስልኩን ዘግቼ መሪውን ጨበጥኩ። እኔ ከተቀመጥኩባት ድንጋይ የሚያልፋት ይመስል...

በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን የነበሩ አንድ አዛውንት መጡ። ኦቦ ዲንቃ እንደሚባሉ ኋላ ነው የሰማሁት። «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እናትሽን ይዘሽ ግቢ እንጂ!»

«አባቴ፣ መኪናዋ የሰው ናት። ግቢዎ ላስገባት?»

የቆርቆሮ በራቸውን በእጃቸው አሳዩኝ። ለሰው እንኳ ጠባብ ነው።

ያኔ ነው ከወደ ፊት «ዷ!» ያለው። ነጭ ጭስ መንገዱን ይዞ መጣ፣ ሰው ወደኛ እየሮጠ ነው። አስለቃሽ ጭስ! መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ምን ዋጋ አለው... በአየር መግቢያው ሰተት ብሎ ገባ። እማዬ ማሳል ጀመረች። እጇ ወደ ፋሻው ሄደ።

«ልጄ... ለበለበኝ።»

እኔ በድንጋጤ መኪናዋን ልቆልፍ ቁልፉን እፈልጋለሁ! ኦቦ ዲንቃ በሩን በረገዱት። ጋቢያቸውን አውልቀው የእማዬን ፊት ጠቀለሉና አቅፈው አወረዷት። በሩን ሳልዘጋ ተከትያቸው ሮጥኩ።

ባለቤታቸው ጓዳ አስገቡን፣ የበሩን ስንጥቅ በእርጥብ ጨርቅ ደፈኑት። እማዬን አልጋ ላይ አስተኛናት። ወዲያው ከውጭ የመስታወት ድምፅ ተሰማ... ብድግ አልኩ።

እማዬ ቀሚሴን ያዘች። «መስታወት ነው። ተቀመጪ» አለች።

ተቀመጥኩ። እንባዬ የጭሱ ይሁን የራሴ እንጃ።

ከሰዓት ነገሩ በረድ ሲል ወጣን። የፊት መስታወቱ ረግፏል። የማን ድንጋይ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ተከፍቷል ሲሉን፣ እማዬን በጋቢው እንደተጠቀለለች የኋላ ወንበር ላይ አጋድሜ፣ ነፋሱ ፊቴን እየገረፈኝ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ «ታይ ይሆን?» ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። አጠበላት። ጣቱን ከፊቷ ዘርግቶ «ይሄ ስንት ነው?» አላት።

እማዬ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። ጣቱን አልፋ እኔን አየችኝ።

«ውይ... ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ተንሰቀሰቅኩ።

አከራዩ ጋ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። መስታወቱ፣ የጋራዥ ቀኑ፣ «ከከተማ የመውጫ» የሚባል ነገር... ዘመድ አዝማድ ለምኜ እስክከፍል ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ ከረመ፣ በረራዬም አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ የትም አገር መኪና ስከራይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምኑን አይሸፍንም?» ብዬ ነው።

በዚያ ሁሉ መሃል ግን እማዬ ስትወጣ ስትገባ እያየችኝ አብረን ሰነበትን... እሱን እንኳ ማንም ሒሳብ ላይ አልደመረብኝም።