ኮከቡ ይቆማል ወይ?

መተማን ለቀን የወጣን ለት፣ አመሻሹ ላይ፣ ካፊያ ነበር። እናቴን ደህና ሁኚ ሳልላት ነው የወጣሁ፤ መንገዱ ተዘግቶ ጎንደር መግባት አልተቻለማ። ጦርነቱ ትምህርቱን ካቋረጠው ወዲህ የማስተርስ ጽሑፌ የቀረችኝ ስልኬ ውስጥ በፎቶ ብቻ ነው። አብሮኝ የወጣው ሙላት ነው፣ የሰፈሬ ልጅ፣ የሱዳንን ሰሊጥ አጨዳ የለመደ። እሱ ባይኖር ድንበሩን አልሻገርም ነበር።

ድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ አንድ የሱዳን ወታደር በተሰባበረ አማርኛ ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስለ ኮከብ አጠናለሁ ብዬ እውነቱን ነገርሁት። ጓደኛውን ጠርቶ ሳቁብኝ። «እኛ አገር ኮከብ ሞልቷል» አለኝ፤ «የጠፋው ሰሊጥ የሚያጭድ ነው። እለፍ።»

ከዚያ ፋሽጋ፣ ሰሊጡ የሚታጨድበት ቆላ። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ጎንደር ላይ የሚያዝያን ፀሐይ ሳማርር የነበርሁትን ሰውዬ አሁን ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው። ምግቡ አሲዳ ነው፤ ገንፎ ይመስላል፣ ግን ቅቤና በርበሬ የሚባል አያውቅም። አጫጆቹ ስለ ኮከብ መማሬን ሲሰሙ ደግሞ መከራዬ መጣ። አንዱ በክርስትና ስሜና በእናቴ ስም ኮከቤን ቁጠርልኝ ይላል፣ ሌላው ሊቢያ ልሂድ ወይስ ልቅር ይለኛል። እኔ ደብተራ አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ።

ሙላት ብቻ አላስቆጠረኝም። ያጨድነውን ሰሊጥ አስረን፣ እንዲደርቅ እርስ በርሱ አስደግፈን ሂላ ካቆምን በኋላ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ስር አረፍ ስንል ሥራዬን አስረዳሁት። ስለ ሞተ ኮከብ ነው አልሁት፤ ከፀሐይ የሚከብድ ነገር ተጨምቆ ገዳሪፍ ከተማን በሚያህል ስፍራ የታጨቀ። ክብደቱ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፣ ግፊቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እኔ የአንጻራዊነትን እኩልታ በኮምፒውተር ግምት ሳይሆን በእጄ እስከ መጨረሻው እፈታለሁ፤ ግፊቱ ከመሃል እየቀነሰ መጥቶ ልክ ጫፉ ላይ ዜሮ መሆን አለበት፣ ከውጭው ባዶ ሕዋ ጋርም ያለ ስንጥቅ መጋጠም አለበት። ይህ ሁሉ ተሳክቶልኛል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ፦ በስሌቴ መሃሉ ላይ ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል፣ ከብርሃን የሚፈጥን ደግሞ ምንም የለምና እንዲህ ያለ ኮከብ ሊኖር አይችልም።

ሙላት እኔ ያቆምሁትን ሂላ አየ፤ እንደ ልማዱ ተንጋዶ ነበር።

«ታዲያ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?» አለኝ።

የትምህርቴ ጥያቄ በሙሉ ይኸው ነው። ገና ነው አልሁት። ከዚያ ወዲያ ማጭዱን ባስቀመጠ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም ለሱ ስል ያችን የስልክ ፎቶ ማየት ቀጠልሁ።

አጨዳው ሳያልቅ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ብለን ስንጠብቅ ሆዱ እያበጠ፣ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። የእርሻው ወኪል ሲሻለው ይመለሳል ብሎ በትራክተር ሸኘን። ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ካላዛር ነው አሉን፣ መድኃኒቱ ግን አልቋል። እዚህም ጦርነት መንገዱን ይዞታል። በጠየቅሁ ቁጥር «ቡክራ» ይሉኛል፣ ነገ ማለታቸው ነው። እኔ ፈራሁ። ሙላትን ካጣሁት የማደርገውን አላውቅም።

ትናንት አልጋው ራስጌ ተቀምጬ ሳለሁ እናቱ ስልኬ ላይ ደወሉ።

«ልጄ፣ አንተ ስለ ኮከብ ተምረሃል ብሎኛል» አሉኝ። «የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው፣ እኔ ጥሩነሽ ነኝ። በል ቁጠርለት። ይተርፍልኛል?»

ያን ሁሉ አጫጅ እምቢ ያልሁ ሰው፣ ለእሳቸው ደብተራ አይደለሁም የምልበት አንጀት አጣሁ።

«ይቆማል፣ እማማ» አልኋቸው። ከሙላት ጥያቄ አፌ የያዘው ቃል እሱ ነበር።

ተመስገን አሉ፣ አለቀሱ፣ መቼ ይመጣል ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዞር ስል ሙላት ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

«ወንድምዓለም» አለኝ በቀጭን ድምፅ፣ «የሚቆመው ያንተው ኮከብ ነው፣ ወይስ እኔ?»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ መድኃኒቱን ልጠይቅ ወጣሁ። እንደገና «ቡክራ» አሉኝ።