የአምሳለ ፕሪንተር ሲያጉረመርም

ቦጋለ የአምሳለን ቀኝ እጅ የሰበረው በልብስ ካውያ ነው። ሰበቡ የሸሚዝ ኮሌታ ነበር፤ በደንብ አልተኮሰሽውም ብሎ። ሰበብ ከተባለ ነው እንግዲህ። ይህ ሰው መጀመሪያ ይመታና ሰበቡን በኋላ ነው የሚፈልገው። ካውያው ገና ከሶኬቱ አልተነቀለም ነበር፤ አጥንቷን ሰበረው፣ ቆዳዋንም ጠበሰው። ዛሬም አንጓዋ ላይ የካውያው ጫፍ ቅርጹን እንደያዘ አለ።

ለሌላው ሰው እጅ እጅ ነው፤ ለአምሳለ ግን እንጀራዋ ነው። ብስራተ ገብርኤል ተወልዳ ያደገች ጸሐፊ ናት። ፊደሎቹን ሳታይ የምትተይብ፣ አለቃዋ ተናግሮ ሳይጨርስ ደብዳቤው የሚያልቅላት ነበረች። ትሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ጀሞ ሁለት፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ሆና የሰው ጽሑፍ መተየብ ጀመረች። ቦጋለ የጠጠር መኪና ሹፌር ነው። ከካውያው በፊትም በጥፊ የግራ ጆሮዋን ታምቡር በጥሶታል፤ ዛሬም የሚያናግራት ሰው በቀኟ በኩል መቆም አለበት።

እጇን የሰበረ ጊዜ ፖሊስ ወስዶት ነበር፤ ሽማግሌዎች አስወጡት። የሽማግሌዎቹ ፊታውራሪ ጋሽ ላቀው ነበሩ፤ እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ጋሽ ላቀው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚገኙት እሳቸው ናቸው። የፎቁ ሰው ሁሉ አዋጥቶ ያስገባው የዋይፋይ ሳጥንም ያለው እሳቸው ቤት ነው፤ ፓስወርዱም ለሁሉም አንድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው «ባልሽ ነው፣ ተመልሶ ይግባ» ሲልሽ ከፖሊስ ትእዛዝ ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ተመልሶ ገባ። እሷም አንገቷን ደፍታ ጀሶው እስኪፈታ ጠበቀች። የተፈታ ዕለት ቦጋለ ጠጠር ሊጭን ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር። የበሩን ቁልፍ አስቀየረች፣ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ ለጥበቃው ሰጠች፣ ስልኳንም ዘጋችበት። መጣ፣ በሩን ደበደበ፣ ተሳደበ፤ በመጨረሻ ፉሪ ወንድሙ ቤት ገባ።

የእቁቧ ተራ ሲደርስ የገዛችው ፕሪንተሩን ነው። ትልልቆቹ ቢሮዎች ያላቸው ዓይነት አይደለም፤ ርካሽ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ግን የሚያትም፣ ኮፒ የሚያደርግ፣ ስካን የሚያነሳ፣ ያለ ገመድ ከስልክ የሚታዘዝ። ሳጥኑን ሳሎን መሀል አስቀምጣ በግራ እጇ በቢላ ከፈተችው፤ ቀኙ ገና አይጨብጥም ነበር። በየስንጥቁ የተለጠፈውን ፕላስተር አንድ በአንድ ላጠች። ቀለሙ በጠርሙስ ነው የሚሞላው፤ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን ምላሷን ነክሳ እየቀዳች ሞላች። መሙያው አጠገብ የተዘቀዘቀ ማሽን ተስሎ በቀይ ተሰርዞበታል፤ ከሞላችሁት በኋላ አታዘንብሉት ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ ስትሰካው ቀለሙን ሊስብ ረዘም ላለ ጊዜ አጉረመረመ።

ከዚያ የዋይፋዩን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭና ያዘች። ስልኳ የትኛው ዋይፋይ ነው ብሎ ጠየቃት፤ የፎቁን መረጠች፣ ፓስወርዱን አስገባች። ሌላ ምን ትመርጣለች? ያለው እሱ ብቻ ነው። ሥራ መሥራቱን ለማየት ከኩሽና ላከችለት፣ አተመ። ደረጃው ላይ ወርዳ ላከች፣ አተመ። ግቢው በር ጥበቃው ጋ ቆማ ላከች፣ ወጥታ ስታይ አትሞ ጠበቃት። አስፋልቱን ተሻግራ ስትልክ ግን እምቢ አላት፤ ስልኩ የፎቁን ዋይፋይ ካላገኘ ማሽኑን አያገኘውም። ያን ቀን እንደ ልጅ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ነው የዋለች።

ሥራው ያዘላት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የሰርግ ጥሪ አይጠፋም። ቀኝ እጇ ቀስ በቀስ ወደ ፊደሎቹ ተመለሰ።

አንድ ከሰዓት ድንች እየላጠች ሳለ ማሽኑ ሳታዘው አጉረመረመ። ደንበኛ የላከው ነገር መስሏት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። ወረቀቱ መሀል ላይ በትልልቁ «አምሳልዬ፣ ምሳ ምንድን ነው?» ይላል። የሚቀልድባት ሰው ፈልጋ ወረቀቱን አገላበጠችው። ቆሞ የነበረው ማሽን እንደገና አጉረመረመ። ይሄኛው ፎቶ ነው፤ የራሷ በር፣ ከውጭ የተነሳ፣ የእግር መጥረጊያዋ ሳይቀር። ሳይገባት የቆየው ነገር አሁን ነው የገባት፦ ቦጋለ እዚህ ፎቅ ላይ ኖሯል፤ ስልኩ ፓስወርዱን ያውቀዋል፣ ማሽኗንም ራሱ አግኝቶታል። ቁልፍ አስቀይራ በዋይፋዩ አስገብታዋለች።

መሄዱን በበሩ ቀዳዳ አይታ ጋሽ ላቀው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ፓስወርዱን ይቀይሩልኝ።»

ጋሽ ላቀው ወረቀቱን በመነጽራቸው አዩት። «ምሳ ምንድን ነው ነው እኮ የሚለው፣ ልጄ። ናፍቀሽው ነው።»

«በራፌ ላይ ቆሞ ነው የሚልከው።»

«እና በር ላይ መቆሙ መጥፎ ነው? እኔ ላስታርቅ የተላክሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ፓስወርድ ብቀይርበት ነገ ምን ብዬ አናግረዋለሁ? አባወራን በዋይፋይ እንኳ ዘጉበት ይለኛል።»

አባወራ! የሰው እጅ የሰበረ፣ ጆሮ የበጠሰ አባወራ። አምሳለ ግን ታላቅ ስታከብር ያደገች ናት፤ «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ፊት ለፊቷ ያለችው ጎረቤቷ ቀመሪያ፣ በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ ወረቀቶቹን ስታይ ደሟ ፈላ። «ወላሂ ይሄ ሰውዬ እብድ ነው! ንቀዪው ከዋይፋዩ። ስልክሽን ከራሱ ከማሽኑ ጋር ብቻ ማገናኘት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አምሳለም ይህን ታውቃለች። ትንሽ አሰበችና «አልነቅለውም» አለች። «ከነቀልኩት መምጣቱን በምን አውቃለሁ? ወረቀት የሚያወጣው እሱ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ከፉሪ ሆኖ አይችልም።»

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያለ ደንበኛ ሲያጉረመርም አምሳለ የቀመሪያን በር ትደበድባለች፣ ቀመሪያ ዘነዘናዋን ይዛ ደረጃው ላይ ትቆማለች፣ ቦጋለ ያያትና ወርዶ ይሄዳል። ወረቀቱ ግን አላቆመም። «ቁልፉን ማን ቀየረልሽ?» ይላል አንዱ። «ቀመሪያ ሁልጊዜ ቤት አትኖርም» ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ «ግራ እጅሽ ደህና ነው?» ብቻ ነበር። አምሳለ ፈሪ አይደለችም፤ ግን ይህ እጅ ሁለተኛ ከተሰበረ የምትበላው እንደሌለ ታውቀዋለች፣ እሱም ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀመሪያ በርበሬ ልትገዛ መርካቶ ሄዳለች። አምሳለ የማሽኑን ቀለም ገና ሞልታ ጽሑፍ እያረመች ነበር። በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ ላቀው። መታወቂያ ኮፒ ላደርግ ነበር።»

ተነስታ መቀርቀሪያውን ያዘች። ከኋላዋ ማሽኑ አጉረመረመ። ዘወር ስትል ወረቀቱ እየወጣ ነው፦ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።»

በሩን ተደግፋ «ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለች።

«ብቻዬን ነኝ ልጄ። ከማን ጋር እሆናለሁ?»

ዋሿት። ለእርቅ ሲባል መዋሸት እሳቸው ዘንድ ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ጽድቅ ነው። የይቅርታውን ወረቀት አስልከው፣ ቦጋለን ከሥር ደረጃው ላይ አቁመው፣ በሩ ሲከፈት ጉልበቷን ሊያስሙት ነው የመጡት። አምሳለ ይህ ሁሉ ገብቷት እንኳ እጇ መቀርቀሪያውን መሳብ ጀምሮ ነበር፤ ሽማግሌ በር ላይ ማቆም አልለመደባትም። ከዚያ ዓይኗ አንጓዋ ላይ ያረፈው የካውያ ጠባሳ ላይ ወደቀ። መቀርቀሪያውን መልሳ ገፋችው።

«ከሥርዎ ያለውን ሰው ይዘው ይውረዱ። አልከፍትም።»

ደረጃው በሩጫ ተንኳኳ። «አዩዋት አይደል ጋሼ? አዩዋት?» የቦጋለ ድምፅ ነው። በሩን በእርግጫ መታው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ወደቀ። ደገመው። «ተው ቦጋለ! ቃል ገብተህልኛል!» ሲሉ ጋሽ ላቀው ተሰሙ። ቀጥሎ ጥፊ፣ ቀጥሎ የደረጃው ብረት እንደ ደወል ጮኸ፤ የሰው ጭንቅላት ነው የመታው። ከዚያ ደግሞ እርግጫ፣ አሁን ግን በበሩ ላይ አይደለም። «ልጄ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከመሬት መጣ።

እኔ ብሆን አልከፍትም ነበር። ፓስወርዱን ይቀይሩ ተብለው እምቢ ብለዋል፣ ዋሽተዋል፤ ይቻሉት እል ነበር። አምሳለ ግን እኔ አይደለችም። ኩሽና ሄዳ ቢላ ለመፈለግ ጊዜ የለም። አጠገቧ ያለው ከባድ ነገር ማሽኑ ነው። ገመዱን ነቀለች፣ በሁለት እጇ አቀፈችው፣ በክርኗ መቀርቀሪያውን ሳበች።

ቦጋለ እግሩን የሽማግሌው ደረት ላይ ጭኖ ቆሟል። የጋሽ ላቀው ግንባር ተተርትሮ ደሙ ዓይናቸውን ሸፍኖታል። በሩ ሲከፈት ቀና ብሎ ሣቀ፤ የእውነቱን ደስ አለው። ፀጉሯን ጨብጦ ወደ ራሱ ሳባትና በቡጢ አፏን መታት። ጥርሷ ሲነቃነቅ ተሰማት። እሷም ማሽኑን ከፍ አድርጋ ፊቱ ላይ አወረደችው።

የቀለሙ ክዳን ተከፈተ። ጥቁሩና ቀዩ ዓይኑ ውስጥ፣ ሰማያዊው አፉ ውስጥ ገባ። ጮኸ፤ ፀጉሯን ለቆ ዓይኑን ያዘ። ሁለተኛ አወረደችበት፣ አፍንጫው ሲሰበር ሰማች። ሁለተኛውን ስትመታው ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን ለፖሊስም አልደበቀችም። ቦጋለ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ እየተንሸራተተ፣ ደረጃውን በመቀመጫው ጭምር ወረደ። ማሽኑ ከእጇ አምልጦ ደፉ ላይ ወደቀ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ የጋሽ ላቀውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች፣ በቀሚሷ ጫፍም ግንባራቸውን ጫን አድርጋ ያዘች።

ፖሊስ ቦጋለን ለማግኘት አልተቸገረም። የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፊቱ ሰማያዊና ቀይ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ያ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ ፍርድ ቤት የቀረበውም ጆሮው ሥር ሰማያዊው እንዳለ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ሊያስወጣው የሄደ ሰው አልነበረም። ጋሽ ላቀው በፋሻ እንደተጠቀለሉ ለምስክርነት ቆሙ፤ መዋሸታቸውንም ሳይጠየቁ ተናገሩ። ቦጋለ ተፈረደበት።

ፓስወርዱን የቀየሩት ግን ከዚያ በፊት፣ ከሆስፒታል በተመለሱበት ሰዓት ነው፤ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ። አዲሱን በየበሩ እየዞሩ በጆሮ ነገሩ። ለአምሳለ በቀኝ ጆሮዋ።

ማሽኑን ጠጋኝ አጥቦ፣ ገጣጥሞ መለሰው። ያትማል። የኮፒው መስታወት ግን ተሰንጥቋል፣ መለዋወጫም አልተገኘለትም፤ አምሳለ ዘንድ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ሁሉ ላይኛው በኩል ቀጭን መስመር አለበት። ደንበኛ ለምዶታል። እሷ ግን ማሽኑ ባጉረመረመ ቁጥር ዛሬም ትከሻዋ ይሰበሰባል፤ ወረቀቱን እስክታነብ አትተነፍስም። ይህ አለቀቃትም፣ የሚለቃትም አይመስለኝም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ላቀው በሩን አንኳኩተው ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ፤ በበሩ ቀዳዳ ብቻቸውን መሆናቸውን እንድታይ።

«መታወቂያ ኮፒ ላደርግ ነበር» አሉ። «የእውነቴን ነው ዛሬ።»

አስገባቻቸው። መታወቂያውን መስታወቱ ላይ አድርጋ ክዳኑን ገጠመች፣ ብርሃኑ ሄደ። የወጣውን ወረቀት ጋሽ ላቀው ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ፎቶው የድሮ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ግን መስመር አለ። በጣታቸው ወረቀቱን ዳበሱ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ግንባር ዳበሱ።

«ይሄ ከኔ ነው ከማሽኑ?»

«ከማሽኑ ነው ጋሼ» አለች አምሳለ። «የእርስዎ ትንሽ ከፍ ይላል።»

ጋሽ ላቀው አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሲወጡ በሩን ራሳቸው ዘጉ፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰሙ፣ ግን አልሄዱም። በትከሻቸው ገፋ አድርገው በደንብ መዘጋቱን አዩና ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።