ቁይ በሩብ ሰዓት

ባለፈው ወር ልጄ ለዓይኔ ሕክምና ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአይሮፕላን ወሰደችኝ። ቀበቶ እንዳሰርን አብራሪው የመንገዱን ርቀትና የሚፈጀውን ጊዜ ተናገረ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌላው ተሳፋሪ ጋዜጣውን ገለጠ። እኔ ጉልበቴን ጨብጬ ቀረሁ። የበረራ ሰዓት ቆጥሮ መኖርን የማውቀው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አገሬ ቁይ አርበኛ የበዛበት ስለነበር አይሮፕላን እየመጣ ገበያውን ይደበድብ ነበር። የሚነሣው ከአዲስ አበባ ነው። ነጋዴ በበቅሎ ከሳምንት በላይ የሚገሠግሥበትን አገር አቋርጦ ረፋዱ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰዉ ገበያውን ወደ ማለዳ አዞረው። ታላቅ እህቴ ብርቄ ቅቤዋን በቅል ይዛ ጤዛው ሳይረግፍ ትወጣና፣ "እሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እኛ ገብይተን እንገባለን" እያለች ትስቅ ነበር።

እኔን ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ በሄድኩበት አፍሰው አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ድንጋይ ያስለቅሙኝ ጀመር። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በጥቅምት አንድ ዓርብ ጠዋት ሥራው አልቋል ተብለን ተለቀቅን። ቆሏችንን ቋጥረን ልንበተን ስንል አንድ አይሮፕላን ወርዶ እኛው በደለደልነው ሜዳ ላይ ተንደርድሮ ቆመ።

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ያገራችን ሰው ነበር። ጠጋ ብሎ፣ "አንተ የቁይ ልጅ አይደለህ? ከእንግዲህ የሚያድረው እዚህ ነው። ነገ ማለዳ ይነሣል፤ ቁይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው" አለኝ።

ነገ ቅዳሜ፣ የቁይ ገበያ ነው። በእግር የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ወዲያው ብነሣ ሲመሽ እገባለሁ።

አልተነሣሁም። ያን የመሰለ ነገር በቅርብ አይቼ አላውቅም። ክንፉን ሲወለውሉት፣ ነዳጅ ሲያጠጡት፣ ከሆዱ ሥር ተንበርክከው ሲፈቱና ሲያስሩ አፌን ከፍቼ አየሁ። አሁን እሄዳለሁ፣ አሁን እሄዳለሁ እያልኩ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ላገሬ ልጆች የማወራው ነገር አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቆ ነበር፤ ማፈሪያ!

ከዚያ በኋላ ሮጥኩ። ከክረምቱ የተረፈው ጭቃ በየረግረጉ እግሬን ይይዘኛል። መንገድ ላይ መሸብኝና አንድ ገበሬ ቤት አደርኩ። ሲነጋ ተነሥቼ ስገሠግሥ፣ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ሲቀረኝ ድምፁን ከኋላዬ ሰማሁት። በአናቴ ላይ አለፈ። ቀና ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሊሰማኝ! ብዙም ሳይቆይ ከኮረብታው ማዶ ጢስ ተነሣ።

ስደርስ የብርቄ ቅል ተሰብሮ ቅቤው ከአፈርና ከጤፍ ጋር ተለውሷል። እሷን በነጠላዋ ሸፍነዋታል።

እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ "አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?" አለችኝ።

"አይሮፕላኑን እንዳየሁ ተነሣሁ፣ እማ።"

"የቻልከውን አድርገሃል፣ ልጄ። እግርህን ይባርከው" ብላ ሳመችኝ። ይህንኑ እንዳመነች ሞተች።

ልጆቼም ታሪኩን የሚያውቁት ለእናቴ እንደነገርኳት ነው። አዲስ አበባ ደርሰን ልጄ ክንዴን ደግፋ ስታወርደኝ እውነቱን ልነግራት ፈልጌ ነበር። "ደከመዎት፣ አባባ?" ስትለኝ ግን "አዎ" አልኳት። አፌ እንቢ ስላለኝ ዓይኔ ሳይጠፋ በእጄ ልጻፈው፤ እህቴ ልትሞት አንድ ቀን ሲቀራት፣ እኔ ግማሹን ቀን የሚገድላትን ቆሜ እያደነቅሁ ነበር።