ደንገል ይጠጣል

ባለፈው እሁድ ጣና ሐይቅ ዳር ካለ ጁስ ቤት ተቀምጨ የአቮካዶ ጁሴን በማንኪያ እየቆፈርሁ ሳለ፣ አጠገቤ ያሉ ሁለት ጎረምሶች ስልክ ላይ አፍጥጠው ይጨቃጨቃሉ። ከባሕር ወጥቶ ከተማ የሚረግጥ ግዙፍ አውሬ ያለበት የድሮ ፊልም እንደገና ሊሠራ ነው አሉ። ጭቅጭቃቸው አውሬውን የሚጋፈጠውን ሽማግሌ ማን ይሥራው የሚል ነው። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ያጣጥላል። ማንም ሳይጠይቀኝ ገባሁ፤ አፌ ድሮም እንዲህ ነው። «ጋሽ አየነው ይሥሩት» አልኋቸው። ማን ናቸው አሉኝ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ከአስተማሪ ተጣልቸ ትምህርቴን ከስምንተኛ ጥየ፣ ፀሐይ ስትወጣም ስትገባም የምናደድ ጎረምሳ። ያን የአውሬ ፊልም ሲኒማ ቤት አየሁትና ልቤ እዚያው ቀረ። ወዲያው ድራማ ጻፍሁ። አውሬው ከጣና ይወጣል፣ ባሕር ዳርን ይረግጣል፣ የመንገዱን ዘንባባ ይነቅላል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በጦር ይወጋዋል። የቀበሌው ካድሬ አነበበና አውሬው ኢምፔሪያሊዝም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልሁት። ምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም፤ ነው ካልሁ ግን ይፈቅድልኛል።

ጋሽ አየነው ያኔ ስድሳ ሊሞላቸው ነው። ጎርጎራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሠርተው፣ ሲደክማቸው ወደ ሐይቁ ተመልሰው ነበር። ሠርተው ስል ግን ስማቸው የተለጠፈ እንዳይመስላችሁ። የአንበሳ የኋላ እግር፣ ጭንብል ያጠለቀ ሰይጣን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሞት ወታደር ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ፊታቸውን ያየ ተመልካች የለም።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር የአምባዛ ጥብስ በዳጣ እየበላን ለመኑኝ።

«ዓሣ አጥማጁን ስጠኝ ልጄ። እህቴ ከጎርጎራ በጀልባ ትመጣለች። ስሠራ አይታኝ አታውቅም፤ ዓይኗም እየፈዘዘ ነው። አንዴ ፊቴን ትየው።»

ዓሣ አጥማጁን ለራሴ ይዠው ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ፀጉሬን ዱቄት ነስንሸ ሽማግሌ ልሆን።

«ጓድ አየነው፣ አንተ አውሬው ነህ» አልኋቸው። «ፊትህን ማን ይፈልገዋል?»

እስከዚያች ቀን እርስዎ ነበር የምላቸው። ጓድ የሚለው ቃል ሰውን እኩል ለማድረግ የመጣ ነው ይባል ነበር፤ እኔ ሽማግሌ ለመርገጥ ተጠቀምሁበት። እሳቸው ጣታቸውን ጠረጉና «እሺ ጓድ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው አንድም ልምምድ አልቀሩም።

አውሬውን ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሳይ ተክል፣ ከደረቅ ደንገል፣ በገመድ አሰሩልን። እንደ ላባ ቀላል ነበር። ጋሽ አየነው ከውስጥ ገብተው ሲሮጡ ሰው ያለበትም አይመስልም። ድራማው በሚታይበት ቀን ጠዋት ግን ከሐይቅ የወጣ አይመስልም ብየ ውሃ በባልዲ አስደፋሁበት።

«ልጄ፣ ደንገል ይጠጣል» አሉኝ ቀስ ብለው።

እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ለዚሁ ነው፤ ካልደረቀ የጠጣው ውሃ ያከብደዋል፣ በማግሥቱ ሰው አይችለውም። እኔም አውቃለሁ። ግን ከሳቸው ሰምቸ መተው ሞት መሰለኝ። አንድ ባልዲ ጨመርሁ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። አውሬው ወጣ፣ ሦስት እርምጃ ሄደ፣ በአራተኛው ጉልበቱ ታጠፈ። ውሃው የመድረኩ ሳንቃ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ ያለው ካድሬ እኔን ያየኛል። «ተነስ!» አልሁ በጥርሴ።

አውሬው ከማግሳት በቀር ቃል አልተጻፈለትም። ከውስጥ የወጣው ግን ማግሳት አልነበረም። «ኦ… ሆሆይ…» የሚል ረጅም ድምፅ ነው። ጉም ሲወርድ ታንኳ ቀዛፊዎች ሐይቅ ላይ የሚፈላለጉበት ጥሪ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከኋላ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሡ።

«አየንየ! አንተ ነህ?»

የዓሣ አጥማጅ ቢላ ወገቤ ላይ ነበር። ገመዱን ብበጥሰው ፊታቸው ይወጣ ነበር፤ የእህታቸው ዓይን ባይደርስ እንኳ አዳራሹ ሁሉ ያያቸው ነበር። እጄ ቢላው ላይ ደረሰ። ከዚያ ካድሬውን አየሁትና ጦሩን አነሣሁ።

«ውጋኝ ልጄ» አሉኝ ከውስጥ፤ «ከበደኝ።»

ደንገሉን ወጋሁት። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔ እጅ ነሳሁ፣ መጋረጃው ወረደ። ካድሬው መጥቶ እጄን ሲጨብጠኝ ከጀርባየ የሚተረተር ገመድ ሰማሁ። ዞር ስል እህታቸው መድረኩ ላይ ተንበርክከው፣ ከእርጥብ ደንገል መሐል የወጣውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዳስሱታል።

ከእህታቸው ጋር ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው ሲሉኝ፣ የጎርጎራ ጀልባ በሚነሳበት ጠዋት ወደብ ሄድሁ። ጋሽ አየነው ብየ፣ እርስዎ ብየ ልጠራቸው። ጀልባው ራቅ ብሎ ነበር። ጠራሁ። ሞተሩ ይጮኻል። አልሰሙኝ ይሆናል። ሰምተውኝም ይሆናል።

ዛሬ አውሬውን ኮምፒዩተር ይሠራዋል አሉ፤ ከሥሩ ገብቶ የሚሸከም ሰው የለም። ጥሩ ነው። እኔ ግን አዲሱን ፊልም ባሰብሁት ቁጥር የሚታየኝ አውሬው አይደለም። የሳቸው ፊት ነው፣ ሸራው ላይ ግድግዳ አክሎ፣ ሽብሽቡ አንድ ባንድ እየተቆጠረ።  ውሃውን ያያሉ፣ ሰውም እሳቸውን ያያል።

«እኒህ ሰው በየትኛው ፊልም ሠርተዋል?» አለኝ አንዱ ጎረምሳ።

«በአንዱም።»

ሳቀብኝ። ደግ ሳቅ ነው፣ አልተቀየምሁም። «እሺ፣ ሽማግሌው እሳቸው ይሁኑ። አውሬውንስ ማን ይሥራው?»

«እኔ» አልሁት። «ደንገሉን አርጥቡት።»