መርዶ ይዤ መራመድ የተማርሁበት መንገድ

ሰኞ፥ ጎሕ ሲቀድ፤ ደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር የወጣነው ወፍ ሲንጫጫ ነው። የኔታ ከፊት፥ እኔ ከኋላ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የኔታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ መቋሚያቸውን እንደ ከዘራ ይዘው ይራመዳሉ። እኔ ስንቃችንን፥ በሶና ዳቦ ቆሎ፥ በአቁማዳ ተሸክሜያለሁ። ከዚያ ሌላ የተሸከምሁት ነገር አለ፤ እርሱን ግን እርሳቸው አያውቁም። ልጃቸው ደምሴ ሞቷል።

ቅዳሜ ዕለት የደብሩ አለቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጠርተው ነገሩኝ። ደምሴ ጣሊያንን ሊዋጉ ጉና ላይ ከሸፈቱት ሰዎች ጋር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ተመትቶ ወደቀ፤ ጓደኞቹም እዚያው ተራራው ላይ ቀበሩት። በአገራችን ደንብ መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በቤቱ፥ ዘመድ በተሰበሰበበት፥ በንጋት ነው። ስለዚህ የኔታ፥ «የወንድምዎ ልጆች በወሰን ተጣልተዋልና መጥተው ያስታርቁ» ተባሉ። የሚሸኛቸውም እኔ ሆንሁ።

«ለምን እኔ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ነባሮቹ ተማሪዎች ደምሴን ያውቁታል፤ መንገድ ላይ ያለቅሳሉ። አንተ ገና ዘንድሮ የገባህ ነህ» አሉ አለቃ። ፊቴን አየት አደረጉና፥ «ደግሞ ያንተ ፊት ዘወትር መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነው። ብታዝንም አይለይብህም» አሉኝ።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ስለ ታዘዝሁ ነው። ጠላት ከወጣ ወዲህ በገባሁበት ትምህርት ቤት የጅምናስቲክ መምህራችን፥ «የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ሰውነት ማሠልጠንን እንዴት እንደ ወደዳችሁ ለጋዜጣችን ጻፉ» ብለውናል። ብዙ አሰብሁ። ከዚህ ጉዞ በቀር እውነተኛ መልስ ስለሌለኝ፥ ያን ጊዜ የያዝሁትን ማስታወሻ አስተካክዬ ገልብጫለሁ።

ሰኞ፥ ረፋድ፤ ከኬላው ወዲያ

ከከተማው መውጫ ኬላ አለ። ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን ገለባብጦ አየ፤ ከዚያ መቋሚያውን።

«ይኼ ዱላ ለምንድን ነው?»

«ለመቆም» አሉ የኔታ።

«ሽማግሌው ቀልደኛ ነው» አለና አሳለፈን።

የጋፋትን መንገድ ወደ ግራ ትተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ የመጀመሪያው ዳገት መጣ። ግማሹ ላይ ስደርስ ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። የኔታ የአቋቋም መምህር ናቸው። አቋቋም ማለት መዘምራን በማኅሌት ቆመው፥ በመቋሚያና በጸናጽል፥ ሰውነታቸውን ከዜማው ጋር እያስማሙ የሚያመሰግኑበት ትምህርት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። እኔ ግን ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ተቀምጬ የተማርሁ፥ ተቀምጬ ቆብ እየሰፋሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ቀን እሰፋለሁ፤ ማታ ለሌሎች እጽፋለሁ፤ ጉልበቴ ከመታጠፍ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም ነበር። በመስቀል ማኅሌት ገና ሦስተኛው ዶሮ ሳይጮኽ ግድግዳ ተደግፌ ተንሸራተትሁ። ጓደኞቼ፥ «ይህ ልጅ መቆም ሊማር መጥቶ መቀመጥ ያስተምረናል» አሉኝ። ስሜም ከዚያ ወዲያ «ዱካ» ሆነ፤ በርጩማው ለማለት ነው።

የኔታ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም።

«ምነው ዱካ፥ ተዘረጋህ?»

«ልምምድ የለኝም፥ የኔታ። ጊዜ አጥቼ ነው።»

«ውኃ ትቀዳ የለም?»

«እቀዳለሁ።»

«ከየትኛው ምንጭ?»

«ከቅርቡ።»

«እንግዲያ ከሩቁ ቅዳ። አሁን ተነሥ። አፍህን ግጠም፥ በአፍንጫህ ተንፍስ። አንዱን የዜማ ሐረግ በልብህ እያልህ በአራት እርምጃ ጨርሰው። ሲደክምህ አትቀመጥ፤ በመቋሚያዬ ተደገፍና ቆመህ ዕረፍ። ደግሞ ሳይደክምህ ዕረፍ።»

በአራት እርምጃ አንድ ሐረግ። በሁለተኛው ዳገት አልተቀመጥሁም። በሦስተኛው መቋሚያውን አልጠየቅሁም። ገብሱ በግራ በቀኝ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ከፊታችን ጉና ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። የኔታ በመቋሚያቸው አመለከቱኝ።

«ደምሴን ይህን ሳስተምረው ሰባት ዓመቱ ነበር። ዛሬ እዚያ ላይ ሲሮጥ ወታደር አይደርስበትም ይባላል። ማን ያውቃል፥ ሳያስተውሉን በድብቅ አገኘው ይሆናል።»

የጫማዬን ጠፍር ለማጥበቅ ጎንበስ አልሁ። ጫማዬ ጠፍር አልነበረውም።

ሰኞ፥ ከቀትር በኋላ፤ መንገድ ላይ

ከወዲያ በኩል የጨው ነጋዴዎች በበቅሎ ይመጣሉ። ከፊት ያሉት ሐጂ ሁሴን ናቸው፤ በደብረ ታቦር ገበያ ሱቅ ያላቸው፥ የኔታን ከልጅነት የሚያውቁ ሰው። የኔታን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ከበቅሏቸው ወርደው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«መምህር፥ ሰማን እኮ...»

ከየኔታ ጀርባ ቆሜ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሐጂ ሁሴን አዩኝ።

«ምን ሰማህ?» አሉ የኔታ።

«...ጨው ተወደደ ሲባል ሰማን» አሉ ሐጂ ሁሴን።

የኔታ ከት ብለው ሳቁ። «ነጋዴው አንተ፥ ያስወደድኸውም አንተ! ከማን ሰማህ?»

ሐጂ ሁሴንም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ዳግመኛ አይግጠመኝ። ከዚያ በቅሏቸውን እየሳቡ፥ «ይውጡባት፥ እስከ ጋሳይ ታድርስዎ፤ ልጁ መልሶ ያምጣት» ብለው ለመኑ።

«እኔ በቅሎ ላይ ከወጣሁ ይኸ ሰበብ ያገኛል። ዛሬ እግር ሊያወጣ ነው» አሉ የኔታ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ሐጂ ሁሴን ሲሰናበቱ የየኔታን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ከልማዱ አስረዘሙት። ከራቅን በኋላ ዘወር ብዬ ባይ ገና እመንገዱ መካከል ቆመዋል።

ሰኞ፥ ማታ፤ ጋሳይ

ጋሳይ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርነው ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ሴትዮዋ የጣሊያን ሊሬ አይወዱም፤ «ወረቀት ለምድጃ ነው፤ ጠገራ ብር ከሌላችሁ በጸሎት ክፈሉኝ» አሉ። የባቄላ ክክ ወጥና የገብስ እንጀራ አቀረቡልን። እንደዚያን ማታ እህል ጣፍጦኝ አያውቅም። እግሬን ስዘረጋ ጭኔ በሙቀት ይነዝረኛል፤ ሕመም ነው፥ ግን መልካም ሕመም። በማስታወሻዬ፥ «ነገ ምን ያህል ዳገት ይኖር ይሆን?» ብዬ ጽፌያለሁ። አንብቤው አፈርሁ። የሞተ ሰው አባት ጎኔ ተኝቶ እኔ ዳገት ያምረኛል።

ማክሰኞ፤ ከጋሳይ ወደ ጉና ግርጌ

መምህራችን፥ «መቼ ወደድኸው?» ቢሉኝ፥ ማክሰኞ ረፋድ እላለሁ። ብርዱ ጥርት ያለ ነው። መንገዱ በስንዴ ማሳ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ትንፋሼ ከእርምጃዬ ጋር ተስማማ፤ ማንም ሳያዝዘኝ እግሬ ራሱ ይሄዳል። የኔታ ዜማውን በለሆሳስ ያነሣሉ፥ እኔ እቀበላለሁ። አንድ ጊዜ ሳላስበው ቀደምኋቸው።

«አቤት ዱካ! ዱካ መሮጥ ጀመረ!» ብለው ከኋላዬ ጮኹ።

ደስ አለኝ። ደስታው እውነተኛ ነበር፥ ልክደው አልችልም። ወዲያው ግን ቆምሁ፤ ይህን ሰው በፍጥነት ወዴት እንደማደርሰው ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ እርምጃዬን ቀነስሁ። አንድ ቀን የሚሆነውን መንገድ ሁለት ቀን ባደርገው፥ ደምሴ ለአባቱ አንድ ቀን ተጨምሮ ይኖራል ብዬ ነበር። የኔታ ግን ደክሞኝ መስሏቸው፥ «አይዞህ፥ ጥቂት ነው የቀረ» እያሉ ያበረታቱኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ከቤታቸው ደረስን። ባለቤታቸው እመት ጥሩነሽ በደጅ ቆመው ተቀበሉን። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሰላምታ ተሰጣጡ፤ ስለ ገብሱ፥ ስለ ላሚቱ ተነጋገሩ። ከዚያ እመት ጥሩነሽ ለብ ያለ ውኃ አምጥተው የባላቸውን እግር አጠቡ። እግሩ ከጠራ በኋላም ቀና አላሉም፤ ያንኑ እግር ደግመው ደጋግመው ያጥቡ ነበር።

«በቃ እንጂ፥ ልትልጪው ነው?» አሉ የኔታ እየሳቁ።

ረቡዕ፥ ንጋት

ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። የኔታ ስለ ወሰኑ ክርክር የመጡ መስሏቸው ተቀመጡ አሉ። ማንም አልተቀመጠም። አንጋፋው እንዲህ አሉ፦

«መምህር፥ እርስዎ ስንቱን ሐዘንተኛ አጽናንተዋል። ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው። ደምሴ አርፏል።»

የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ ወንድማቸው በመዳፉ አፈነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰዋል። ለጣሊያን ምሽግ ወሬ የሚያቀብል ሰው ከጎረቤት አለ፤ ለሸፈተ ሰው የተለቀሰበት ቤት ደግሞ ይቃጠላል። እመት ጥሩነሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም። በባላቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው፥ ያለ ድምፅ ተንቀጠቀጡ።

«ተራራው ላይ ይለቀሳል» አሉ አንጋፋው። «የጓሳ ሣር አጫጅ መስለን እንወጣለን። ከዚያ ከንፋሱ በቀር የሚሰማ የለም።»

ማጭድ ተከፋፈልን። እመት ጥሩነሽ ግን ደጁ ላይ ቀሩ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ ያን ዳገት ጤነኛ እንኳ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

«ሂዱ» አሉ። «የእኔንም አልቅሱልኝ።»

የኔታ መሄድም መቆምም አቃታቸው። ያን ጊዜ እኔ፥ «አዝልዎታለሁ፥ እናቴ። ጠበል የምንወስድዎ እናስመስላለን» አልሁ።

አንድ ሽማግሌ፥ «ይህ ክር የመሰለ ልጅ?» አሉ። የኔታ ዓይን ለዓይን አዩኝ። ከመርዶው በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፦

«እርምጃህን አሳጥር።»

እመት ጥሩነሽን በጋቢ አዘልኋቸው። ቀላል ነበሩ፥ ሁለት ሳምንት ያልበላ ሰው ቀላል ነው። በአራት እርምጃ አንድ ሐረግ። ሌሎቹ ሊቀበሉኝ ሲሉ እምቢ አልሁ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በግድ ተቀበሉኝ። የአስታው ቁጥቋጦ አለፈ፥ የደጋው ጅብራ መጣ፥ ንፋሱ ጀመረ። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይመላለሳል፤ ሲያፍኑት ይሰማኛል። አንጋፋው ቆመው ወደ ታች ተመለከቱ። መንደሩ እንደ ጉንዳን ቤት አንሷል።

«እዚህ ይሆናል» አሉ።

እመት ጥሩነሽ እስካወርዳቸው አልጠበቁም። ከጀርባዬ ላይ ሆነው፥ «ደምሴ!» አሉ። ጩኸቱ በጎድኔ አልፎ ወደ ምድር የወረደ ያህል ነበር። እግሬ ግን አልተንቀጠቀጠም። እርሳቸው ሲጮኹ እኔ ቆሜ ያዝኋቸው። ከዚያ የኔታ ጮኹ፥ ከዚያ ሁሉም።

ፀሐይ ስትከር እያንዳንዱ አንድ ሸክም ጓሳ አጭዶ ዓይኑን በእርጥብ ሣር አበሰ። ስንወርድ እመት ጥሩነሽ እንደ ገና ጀርባዬ ላይ ናቸው። ጥቂት እንደ ሄድን ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ደነገጥሁ፥ ግን ተኝተው ነበር።

የኔታ የጓሳ ሸክማቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ከጎኔ ይሄዳሉ።

«መንገድ ላይ ስንስቅ፥ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር፥ የኔታ።»

አንድ ጠመዝማዛ አለፍን።

«ቁልቁለት አላስተማርሁህም» አሉ በሰለለ ድምፅ፥ እመት ጥሩነሽ እንዳይነቁ ዝቅ አድርገው። «ተረከዝህን አታስቀድም። ጉልበትህን ጥቂት እጠፍ። ሸክም ያለው ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው።»

ጉልበቴን አጠፍሁ፤ ወረድን።