በጉም ውስጥ የገባችው ኳስ

ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ ከሚላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ሳልሆን አልቀርም። ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል የእናቴ አጎት አባባ ሰይድ በረንዳው ላይ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ እሸት በቆሎ እየጠበሱም ስለ ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ማውራት ይጀምራሉ። እኔና ሁለት ወንድሞቼ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ግን ከምድጃው ፈቀቅ ሳንል፣ እናዳምጣቸው ነበር።

አባባ ሰይድ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው። ቡድኑ የተጀመረው እሳቸውና ጓደኞቻቸው በምሳ ሰዓት ጥራጊ ክር እንደ ኳስ ጠቅልለው ከመጋዘኑ ጀርባ ሲራገጡ ነው። አንድ ቀን የፈረቃ አለቃቸው ድንገት ደረሱባቸው። ይቆጡናል ብለው ሲጠብቁ ሰውየው ኮታቸውን አውልቀው በረኛ ሆነው ቆሙ። ማሊያውን ያቀለሙት የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ፤ ቀለሙ ስለሚለቅ ዝናብ በጣለ ቁጥር ተጫዋቾቹ እስከ ጉልበታቸው ሰማያዊ ሆነው ይመለሳሉ። የማሽኑ ጩኸት ከጆሯቸው ሳይወጣ፣ ከሥራ እንደወጡ በጭነት መኪና ተጭነው ደሴ ድረስ ሄደው ይጫወቱ ነበር። ያኔ እንደዚህ ያለ ቡድን በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ግን ያላሸነፉበትን ጨዋታ ነው። ቢያሸንፉ ከፍ ወዳለው ምድብ ያልፋሉ። ሜዳው ደሴ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሁሉን ሸፍኖታል። የደሴው ቡድን በረኛ ተፈራ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። አባባ ሰይድ ከበርጩማቸው እየተነሱ፣ እጃቸውን እየዘረጉ፣ ተፈራ ያዳናቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ያሳዩናል። መጨረሻ ላይ እሳቸው ራሳቸው በግንባራቸው የመቷትን ኳስ ተፈራ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያዛት። ዜሮ ለዜሮ። «ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ በረኛ ሁለተኛ አላየሁም» ይሉና በቆሎውን ያገላብጣሉ። የፋብሪካው ቡድን ከዚያ በኋላ ለማለፍ ያን ያህል ተጠግቶ አያውቅም፤ ትንሽ ቆይቶም ፈረሰ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ገና መሸት ሲል አንድ ከዘራ የያዙ ረጅም ሽማግሌ በራችን ላይ ከባጃጅ ወረዱ። አባባ ሰይድ ፋኖሱን ከፍ አድርገው አዩና «ተፈራ!» ብለው ጮኹ። ያ በወሬ የማውቀው ሰው ጋቢ ለብሶ፣ እያነከሰ ግቢያችን ሲገባ ማየት ለእኔ ጉድ ነበር።

እንግዳው ተቀመጡ። የተሰጣቸውን በቆሎ ሳይቀምሱ በእጃቸው ያዞሩታል።

«ሰይድ፣ ልጄ ጋ ልኖር ጎንደር ልሄድ ነው። ሳልነግርህ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። «ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ገብታ ነበር። መስመሩን ካለፈች በኋላ ነው የጎተትኳት። ዳኛው በጉሙ ምክንያት አላየም። እኔም ዝም አልኩ።»

እኔ ብድግ አልኩ። የቡድኑ መፍረስ ሁሉ በእኚህ ሰው የመጣ መሰለኝ።

«ሌባ ነህ!» አልኳቸው፤ አንቱ ማለት እንኳ ጠፍቶኝ።

«ዘሀራ! ቁጭ በይ፣ እንግዳ ነው» አሉ አባባ። ከዚያ ወደ ተፈራ ዞሩ። «አውቃለሁ እኮ። ከእኔ በላይ ለኳሷ የቀረበ ማን ነበር?»

«ታውቃለህ? ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«የምን ዝም! ዳኛውን እየተከተልኩ ጮህኩ እንጂ፣ ወላሂ ድምፄ እስኪዘጋ። ዓመት ሙሉ ስምህ ሲነሳ ምራቄን እተፋ ነበር። ኋላ ላይ ነው የበረደልኝ።»

«ለእነዚህ ልጆችስ ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

«ያዛት እላለሁ።»

«ለምን?» ያልኩት እኔ ነኝ።

አባባ ሰይድ ከሰሉን በብረቱ ቆስቆስ አደረጉት። «ያን ቀን ዘጠኝ ኳስ አድኖብናል፣ በንጹሕ እጁ። አንዷን ብነግራችሁ ዘጠኙን መስማት ትተዋላችሁ። ይኸው አንቺ እንኳ፣ ገና ከመስማትሽ ሌባ አልሽው።»

ተፈራ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ይቅርታ ማለት አቃተኝ። የቀዘቀዘውን በቆሎ ከእጃቸው ወስጄ ከምድጃው ላይ ትኩስ አንስቼ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቆይተው መብላት ጀመሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ንገራቸው» አሉ እየበሉ።

«ራስህ ንገራቸው፤ ይኸው ተቀምጠዋል።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኳሷ መስመሩን...» ብለው ሲጀምሩ አባባ ሰይድ አቋረጧቸው። «ኧረ ከመጀመሪያው! የመጀመሪያዋን እንዴት እንዳወጣሃት አሳያቸው እንጂ!» እኚያ ሽማግሌ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተነሱ፣ በረንዳው ላይም እጃቸውን ዘረጉ። አባባ ሰይድ በደስታ ሲያጨበጭቡ እስካሁን ይታየኛል።

ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ሰው ሲበድለኝ እንደ አባባ ሰይድ ለመሆን እሞክራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንልኝም። ያን ጊዜ፣ እሳቸውም ቢሆኑ መጀመሪያ ዓመት ሙሉ ምራቃቸውን እንደተፉ አስታውስና እጽናናለሁ።